በማጅራት ስለገባችው ጎል እና ስለጠፋችው «አንድ»

ለተከበሩ የከተማችን ስታዲየም ሥራ አስኪያጅ፤
በክብር መቀመጫዎ ላይ እንዳሉ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ደም ግፊትዎ እንዴት ነው? ራስ ምታቱስ ቀለል አለልዎ? እሑድ ዕለት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱንም እጆችዎን ራስዎ ላይ ጭነው ከወንበርዎ ብድግ ሲሉ ከማዶ ሆኜ አይቼዎት ነበርና፣ ሰውዬውን ምን ነካቸው እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። በማግስቱ በስታዲየሙ በር ላይ ያስለጠፉትን «ባዶ ለባዶ» የሚል ማስታወቂያ ሳነብ ግን እፎይ አልኩ። ለካ በዚያች ቅጽበት ሜዳው ላይ ምንም አልተፈጠረም። ምንም ሳይፈጠር ራሱን የሚይዝ ሰው ደግሞ ሐኪም እንጂ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ቢሆንም ሐኪም ስላልሆንኩ ደብዳቤውን ጻፍኩ።

እኔ ከድልድዩ በታች፣ ታች ሰፈር መግቢያ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ያውቁኛል ብዬ አልመጻደቅም፤ የእርስዎን ፀጉር የሚያስተካክለው የላይ ሰፈሩ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ራስዎን ከኋላ ሆኜ ስመለከተውም ሥራው ብዙ እንደማያደክመው ተረድቼ ቀንቼበታለሁ።

በቁጣ እየጻፈ ነው ብለው እንዳይሰጉ። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኛ ታች ሰፈሮች ደግሞ ጉልበታችንን በመሸነፍ ጨርሰነዋል። ተሸንፎ ቤት መግባትን ለምደነው ነበር፤ ጫማ እንደማውለቅ ያለ ነገር ነው። አሸንፎ መድከም ግን አዲስ ሆኖብን፣ ምን እንደሚደረግ የሚነግረን ብናጣ ነው ወደ እርስዎ የመጣነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና መንገደኛም ሊያነበው ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከተማችን ሁለት ቡድን አላት፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። በመካከላቸው አንድ ድልድይ፣ አንድ ስታዲየምና አንድ እርስዎ አላችሁ። ስታዲየሙ የሁላችንም ነው ይባላል፤ እርስዎም የሁላችን ነዎት ይባላል። እሑድ ዕለት ሁለቱ ቡድኖች ተጋጠሙና ታች ሰፈር አንድ ለባዶ አሸነፈ። ታች ሰፈር ደርቢ ሲያሸንፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት የራሴን ፀጉር ሌላ ሰው ይቆርጥልኝ በነበረበት ዘመን ነው።

ጎሏም እንዲህ ነበረች። የማዕዘን ምት አገኘን። በሰፈሩ «መዝጊያው» የሚባለው የእኛ ተከላካይ፣ በሥራው ጎሚስታ የሆነው፣ ዕድሜ ልኩን ከሜዳው አጋማሽ አልፎ የማያውቅ ሰው፣ የዚያን ቀን ጉልበቱ አሞት ስለነበር ወደ ኋላ ከመመለስ እዚያው መቆየቱ ቀሎት የላይ ሰፈር በር አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ኳሷ በአየር ላይ ስትመጣ እሱ ስለ ሌላ ነገር መስመር ዳኛውን ሊሟገት ፊቱን አዞረ። ኳሷ ማጅራቱን መታችው። በረኛው ወደ ግራ ወደቀ፣ እሷ ወደ ቀኝ ገባች። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ወደ መሃል ሜዳ ዘረጋ። መዝጊያው «ማነው የመታኝ?» ብሎ ለጠብ ዘወር ሲል መላው ቡድን ላዩ ላይ ተከመረ።

ቆንጆ ጎል ናት ብዬ አልዋሽም። እናቷም ብትሆን ቆንጆ አትላትም። ግን ገብታለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። እንደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ቁጥር እንደማያጥረኝ ለማሳየት ያህል በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ንብረት አያያዝዎ።

ስታዲየማችን እንደ ሰው አገር ስታዲየም በመብራት የሚሠራ ሰሌዳ የለውም። የሰሌዳው ሰውዬ፣ እርጅና የተጫጫናቸው እኒያ ደግ አባት፣ በመሰላል እየወጡ የቆርቆሮ ቁጥር ይሰቅላሉ። ለተራ ጨዋታ ጥቁሩ ቁጥር ይበቃል፤ ለደርቢ ግን ከአያቶቻችን ጀምሮ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ቁጥር አለው፤ ላይ ሰፈር ሰማያዊ፣ ታች ሰፈር ቀይ። ሰማያዊዎቹ በየዓመቱ ቀለም እየተቀቡ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተደርድረው እንደ ሙሽራ ልብስ በሣጥን እንደሚቀመጡ ሰምቼ እጅግ ኮርቻለሁ።

የእኛን ቀያዮች ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ አስቦ ለልማት አውሏቸዋል። ሰኞ ዕለት ሰውዬው ጢማቸውን ሊላጩ መጥተው «አባቴ፣ ምን ሆነው ነው ጎላችንን ያልሰቀሉት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ምላጩን ከአንገቴ ላይ አንሣና ልንገርህ» አሉኝ። አነሣሁ። እንደነገሩኝ ከሆነ ቀዩ ሁለት የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ በርሜል ክዳን ሆኗል፤ ቀዩ ሦስት ተጣጥፎ የአንድ ትልቅ ሰው ጠረጴዛ እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ሥር ገብቷል፤ ትልቁ ሰው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ጠረጴዛው ግን ከእንግዲህ እንደማይወዛወዝ አረጋግጠውልኛል። ከአራት ጀምሮ ያሉት ከነጭራሹ አልተሠሩም፤ የዚያን ጊዜው ቆርቆሮ ሠሪ «ለታች ሰፈር ምን ያደርግለታል?» ብሎ እንደተወው በአፈ ታሪክ ይነገራል። አንድን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አንድን የት እንዳደረጋችኋት ሰውዬውም አያውቁም። በሣጥኑ ውስጥ የቀረችልን አንዲት ዜሮ ብቻ ናት፤ እሷም ከመሰቀል ብዛት የመስቀያ ጆሮዋ ሰፍቷል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን አልልም። ለማይገባ ጎል ቁጥር ማስቀመጥ ብክነት ነው።

ሁለተኛ፤ ለሥርዓት ስላለዎት ቀናነት።

ጎሏ ስትገባ ሰውዬው ሣጥኑን ገልብጠው ፈለጉ፤ የለም። ብልህ ሰው ናቸውና ተራውን ጥቁር አንድ ይዘው መሰላሉ ላይ ወጡ። የዚያን ጊዜ እርስዎ ከክብር መቀመጫዎ ሆነው፣ «ኧረ ተው! ደርቢ በጥቁር ቁጥር ተሰቅሎ ያውቃል? ሥርዓት ይከበር እንጂ!» ብለው መጮህዎን ከሥር የነበሩ ሁሉ ሰምተዋል። ወረዱ። ሰውዬው ሰማያዊውን አንድ ይዘው ቢወጡ ደግሞ፣ «የሰው ንብረት ነው! ባለቤቱን አስፈቅደሃል?» አሏቸው። እንደገና ወረዱ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ መሰላል፣ ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ መውረዳቸው ለጤናቸው ሳይጠቅማቸው አልቀረም፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። «ታዲያ ምን ልስቀል?» ቢሉዎት፣ «ያለው ይበቃል» ብለው መለሱ። ያለው ዜሮ ነበር።

የዳኛው ሪፖርት አለ እኮ ብሎ የሚከራከር የዋህ አይጠፋም። ዳኛው አንድ ለባዶ ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ አውቶቡሱን ተሳፍሮ ወደ መጣበት ተመልሷል። ነገር ግን የሊጉ ጽሕፈት ቤት ደንብ፣ የደርቢ ውጤት የሚጸድቀው በሰሌዳው ፎቶግራፍ ነው ይላል። ደንቡ የወጣው ድሮ አንድ ዳኛ ሪፖርቱን እንደጻፈ ሁለቱም ሰፈሮች ተባብረው እስከ ድልድዩ ስላሳደዱት ነው፤ ምናልባትም ላይና ታች ሰፈር በአንድ ልብ የሠሩት ብቸኛ ሥራ እሱ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ አይፈራም፣ አይሮጥም፣ አይዋሽም ተብሎ ተወሰነ። ሰሌዳው በእውነትም አልዋሸም። የሰቀሉበትን ነው የተናገረው።

ሦስተኛ፤ ስለ ደስታችን ስላደረጉልን ጥንቃቄ።

እዚህ ላይ የእኛንም ጉድ መናገር ግድ ይለኛል። የታች ሰፈር ደጋፊ አንድ የቆየ ልማድ አለው፤ የደርቢ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ተነሥቶ ይወጣል። ምክንያቱም እስከ ፊሽካው የቆየ ሰው ድልድዩን የሚሻገረው በላይ ሰፈሮች ዘፈን ታጅቦ ነው፤ ቀድሞ የወጣ ግን ሽንፈቱን በኪሱ ይዞ በሰላም ቤቱ ይገባል። እሑድም እንደ ልማዳቸው ግማሾቹ ወጡ። ጎሏ ስትገባ እነሱ መንገድ ላይ ነበሩ። ጩኸቱን ሰሙ፤ ግን ጩኸት ሲሰሙ ደግሞ ገባብን ማለት ነው ብለው አንገታቸውን ደፍተው መራመድ እንጂ መዞር አያውቁም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከዚያ የሚታየውን ሰሌዳ ቀና ብለው ቢያዩት ባዶ ለባዶ ይላል። የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፤ ሰሌዳው አሁንም ባዶ ለባዶ ነው። «አልተሸነፍንም!» ብለው ተቃቀፉ። ጥሩምባ ነፉ። የሰው ልጅ በአቻ ውጤት እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

እኛም ከስታዲየም እየጨፈርን ወጥተን ድልድዩ ላይ ገጠምናቸው። አብረን ጨፈርን። እነሱ ባለመሸነፋቸው፣ እኛ በማሸነፋችን፤ ለየብቻ ምክንያት በአንድ ጥሩምባ። የእርስዎ የጥበቃ ኃላፊ መጥቶ «ምን ተገኝቶ ነው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ማንም አልነቃም። ግማሻችን «አንድ ለባዶ!» አልን፤ ግማሻችን ደግሞ «ባዶ ለባዶ! ተመስገን!» አለ። ኃላፊው አንዴ እኛን፣ አንዴ እነሱን አየና፣ «መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ» አለ። ቀጥሎም ሰሌዳውን ዞር ብሎ ተመልክቶ የተናገረውን ቃል በድንጋይ ላይ ቢያስቀርጹት መልካም ነው፤ «ለድል መጨፈር ይፈቀዳል፤ ለአቻ መጨፈር ግን ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል።» ጥሩምባውን ወሰደ።

ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ የሠራነውን ሥራ ብነግርዎ ያዝኑልናል። የድልድዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን የገዛ ወገኖቻችንን ማሸነፋቸውን እናሳምን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተሸነፈን ሰው «አሸንፈሃል» ብሎ ማሳመን፣ ክቡር ሆይ፣ የተኛ ሰው ከማስነሣት ይከብዳል። «በማጅራቱ ነው ያገባው» ስንላቸው ሳቁብን። «ወንድሜ፣ የሰከረ ሰው ወሬ ነው የምታወራው» አሉን። አንዱ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ደግሞ እጄን ይዞ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ እያየኝ፣ «እባካችሁ ነገር አታብዙ፤ አቻዋን እንኳ እንዳታሳጡን» አለኝ። እኔም ደከመኝና፣ እሺ አቻ ይሁንልህ ብዬው ቤቴ ገባሁ።

አራተኛ፤ ስለ አማቴ።

አማቴ የላይ ሰፈር ተወላጅ ናቸው፤ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ በአካል ከድልድዩ በታች፣ በልባቸው ከድልድዩ በላይ ያድራሉ። እሑድ ዕለት ሰማያዊ የአንገት ልብሳቸውን ጠምጥመው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ጎሏ ስትገባ በአንገት ልብሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ ለማጽናናትም መሐረቤን ሰጠሁ፤ ተቀብለውኛል። ድልድዩንም ቀድመውኝ ተሻግረው በቀጥታ ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያዎ ሲለጠፍ ግን አንደበታቸው ተፈታ። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ፣ «ባዶ ለባዶ ተለያይታችሁ ነው እንዴ ድልድይ ላይ ስትዘልሉ የዋላችሁት?» እማማ፣ ጎሏ ስትገባ ያለቀሱት እርስዎ አይደሉም ወይ ብላቸው፣ «ጉንፋን ይዞኝ ነው። ይልቅ መሐረብህ ንጹሕ አልነበረም» አሉ። ባለቤቴ በእናቷና በባሏ መካከል ገብታ ከምትዳኝ ብላ ሻይ ልትደግም ተነሣች፤ እስካሁን እየደገመች ነው። በትዳሬ ዘመን ሁሉ ከአማቴ ጋር ስንከራከር አንድ ጊዜ እንኳ ማስረጃ ይዤ አላውቅም ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ ሳገኝ እርስዎ ማኅተም መትተው ለእሳቸው ሰጡብኝ። ሴትዮዋ ጤንነታቸው ተሻሽሏል፤ ምግብ በደንብ ይበላሉ። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

አምስተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ባሳንስ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መዝጊያው ከእንግዲህ አይጫወትም። ጎሏን ካገባ በኋላ የተከመሩበት ጓደኞቹ ሲነሡለት፣ ጉልበቱ ግን አልተነሣለትም፤ ደግፈው አወጡት፤ ሐኪሙም «በቃህ» ብሎታል። ልብ ይበሉልኝ፣ እኛ ዋንጫ አልቀረብንም፤ ከሊጉም አንወርድም። ነጥቡ ቢጨመርልንም ቢቀነስብንም የምንጨርሰው ሁልጊዜ በምንጨርስበት ቦታ ነው። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በታች ሰፈር ማሊያ ሲከላከል ሁለት ጎል አግብቷል፤ ሁለቱንም በደርቢ፣ ሁለቱንም በገዛ መረቡ። ሁለቱም ሲገቡ ሰማያዊ ቁጥር እየተብለጨለጨ ወዲያው ተሰቅሎላቸዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥር ጠፍቶ አያውቅም። እንግዲህ ሦስተኛዋ ካልተመዘገበች፣ መዝጊያው ዕድሜውን ሙሉ ለታች ሰፈር ተጫውቶ፣ ለላይ ሰፈር ሁለት ጎል አግብቶ የተሰናበተ ሰው ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እናንተ እንኳ እንዲህ ያለ ታማኝ አጥቂ የላችሁም።

ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ጎሏን ማየቱን በሹክሹክታ ይነግረኛል፤ ፎጣው ከአንገቱ ሲወርድ ግን ሰሌዳው ነው ልክ ይላል። በመዝጊያው ጎማ ቤት ደጃፍ ደግሞ እየቆሙ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ይሉታል፤ እሱ ጎማ መንፋቱን ይቀጥላል። ረቡዕ ዕለት ላየው ሄጄ ነበር። አንድ እግሩን ዘርግቶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን ሳያይ፣ «እኔ እኮ ዋንጫ አላልኩም። ሥዕሌን ስቀሉልኝ አላልኩም። አንዴ፣ አንዴ እንኳ በትክክለኛው በር እንዳገባሁ ይታመንልኝ ነው ያልኩት» አለኝ። ከዚያ ደግሞ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ «በማጅራትም ቢሆን» ብሎ ጨመረበት።

የሊጉ ጽሕፈት ቤት በትሕትና አስተናግዶናል። የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ «ቁጥር ስላልነበረን ነው» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው እስከ ዓርብ ከላኩ ውጤቱ ይታረማል፤ ካልላኩ ባዶ ለባዶ ተብሎ ይጸድቃል፣ ብለውናል። አንዲት መስመር ናት። ሦስት ቃል ናት። እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስ ሦስቱን ቃላት ያልጻፉት፣ እንደ ቁጥሩ ሁሉ ቃላትም አልቀውብዎ እንደሆነ ብዬ እነሆ ከላይ እኔው ጽፌልዎታለሁ፤ እርስዎ ከሥሩ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ብዕር ካጠረም ፀጉር ቤቴ ውስጥ አለ።

ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልበልዎ። እኛ በሚቀጥለው ደርቢ በእርግጠኝነት እንሸነፋለን። በዚያኛውም እንሸነፋለን። ያለ መዝጊያው ደግሞ የባሰ እንሸነፋለን። ሰማያዊ ቁጥርዎ ከሣጥን እየወጣ ዕድሜ ልኩን ይሰቀላል፤ ማንም አይከለክለውም፤ እኛም እንደ ልማዳችን ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥተን ቤታችን እንገባለን። ይህን ሁሉ አስበው ከእሑዷ ጋር ሲያመዛዝኗት፣ አንዲቷ ብትለቀቅልን ሰማይ ይደፋል ብለው ያስባሉ? እኔ አላስብም። ግን እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሰማይን የማየው በመስኮት ነው።

ይህን ሁሉ ታግሠው ካነበቡ፣ ስላነበቡ አመሰግናለሁ፤ ካላነበቡም ባለማንበብዎ ያተረፉት ጊዜ ለተሻለ ሥራ፣ ማለትም ለምንም፣ እንደሚውል በመተማመን አመሰግናለሁ። ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ግፊትዎ አይጨምር፣ ቡድንዎ ይበርታ። እኔ የወንበርዎ አክባሪ፣ የደንብዎ ምርኮኛ፣ በማስታወቂያዎ መሠረት ያላሸነፍኩና በማስታወቂያዎ መሠረት የማይከፋኝ፣ ከድልድዩ በታች የምገኝ ታዛዥዎ ነኝ።

ከታላቅ ድካምና ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የታች ሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፖስታውን ልለጥፍ ስል መዝጊያው ራሱ እያነከሰ መጣና «ተወው፣ አትላከው» አለኝ። ምን ተገኘ ብዬ ባየው ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። ዛሬ ጠዋት ለካ የፊት ጎማዋ የተነፈሰ አንዲት ንጹሕ መኪና ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ከውስጧ እርስዎ ወርደዋል። እሱ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ፤ እርስዎም እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ማጅራቱን ሲያዩ ቆዩ። ጠግኖ መልሶ ሲያስር ግን መታገሥ አልቻሉም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ባትዞር ኖሮ እኮ ኳሷ ወደ ውጭ ነበር የምትሄደው! አቃጠልከን!» አሉት። እየደጋገመ ነው የነገረኝ። «ራሳቸው ናቸው ያሉት፤ ‹አቃጠልከን› ነው ያሉኝ» እያለ። እንግዲህ እሱ የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ፊርማዎም፣ የነገው ዓርብም ከእንግዲህ ምኑም አይደሉም፤ ከማኅተምዎ ይልቅ ምሬትዎን ወስዶ በደስታ ቤቱ ገብቷል። እኔ ግን እንደ እሱ በቀላሉ ስለማልረካ ደብዳቤውን ከነማስታወሻው ፀጉር ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አማቴም የመጀመሪያዋ አንባቢ ሆነዋል። ለእርስዎም በአስቸኳይ እንዲደርስዎ ያደረግሁት ለጤናዎ ስለምሳሳ ነው፤ ያን ቃል የተናገሩት የመጨረሻዋን ብሎን እያሰረ ሳለ ነበርና፣ ከደስታ ብዛት ማጥበቁን እንደማያስታውስ ነግሮኛል። እባክዎን ሲነዱ ቀስ ይበሉ።